ሄቪ ዱቲ የተባለው ፒክአፕ በእርግጥ ስንት ይጭናል? የፍተሻ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ዛሬ ከጋሼ ጋር መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጠን ሒሳቡን በወረቀት ላይ አወጣነው። የምናከፋፍለው በ25 ፓውንድ ከረጢት የታሸገ የጤፍ ዱቄት ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ እየተነሣን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ድረስ ላሉ ሱቆችና እንጀራ ጋጋሪዎች እናደርሳለን። የአሮጌው ቫናችን ካምቢዮ ከተበላሸ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ፋሲካ ደግሞ ኤፕሪል 20 ስለሚውል ከበዓሉ በፊት ፒክአፕ መግዛት ግድ ሆኖብናል። በአንድ ጉዞ 80 ከረጢት ለማድረስ ካሰብን ዱቄቱ ብቻ 2,000 ፓውንድ፣ ማለትም ዘጠኝ ኩንታል ያህል ይመጣል። እኔ 172፣ ጋሼ 195 ፓውንድ ስለምንመዝን ሁለታችን ብቻ 367 እንሆናለን። ገመዱንና የእጅ ጋሪውን ጨምረን የመጫን አቅሙ ከ2,450 ፓውንድ በታች የሆነ መኪና እንደማይበቃን ወሰንን። ዓይናችንን የጣልነው ኤፍ-150 በሚባለው የፎርድ ፒክአፕ ላይ ነው።

ጋሼ «ኤፍ-150ን ሰው ሁሉ ግማሽ ቶን ነው እያለ ይጠራው የለም እንዴ? ታዲያ አንድ ቶን በምን ትከሻው ይሸከማል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ግማሽ ቶን የሚለው ስም ከድሮ የቀረ የደረጃ መጠሪያ እንጂ ዛሬ የአንዱንም መኪና ልክ አይናገርም፤ ፎርድም ለዚሁ ሞዴል ሄቪ ዱቲ ፔይሎድ ፓኬጅ የሚባል፣ መኪናውን ለከባድ ጭነት የሚያጠነክር የፋብሪካ አማራጭ ሲያቀርብ ኖሯል። እኛ የምንፈልገው እርሱን የያዘውን ነው። ከእርሱ ከፍ ያለውን ኤፍ-250 ብንገዛ ጥያቄው ሁሉ ባልተነሣ ነበር፤ ሆኖም ዋጋው ከአቅማችን በላይ ነው፣ የካሶኒውም ከፍታ ለጋሼ ወገብ አይመችም።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

የመጀመሪያውን መኪና አንድ ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ ግቢ ውስጥ አየነው። የ2013 ኤፍ-150 ነው፤ አራት በር ያለው፣ ሞተሩ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት የሚባለው የፎርድ ቱርቦ ሞተር፣ አራቱም እግሩ የሚሠራ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ «ሄቪ ዱቲ» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ ከ3,000 ፓውንድ በላይ እንደሚጭን ነገረን፤ ምን ማስረጃ እንዳለው ስጠይቀው በስልኩ ላይ የካታሎግ ገጽ አሳየኝ። ካታሎጉ አልዋሸም፤ በዚያ ዓመት ከ3,100 ፓውንድ ጥቂት ያለፈ የሚጭን ኤፍ-150 ነበረ። ያ አኃዝ ግን ባለ ነጠላ ጋቢና፣ ባለ ስምንት ጫማ ካሶኒ፣ ከባዱን ፓኬጅ የያዘና ከምቾት ዕቃ ሁሉ የተራቆተ መኪና ነው። ከፊታችን የቆመው መኪና የቆዳ ወንበርና የጣሪያ መስኮት አለው፤ እያንዳንዱ የተጨመረበት ዕቃ ከሚጫነው ላይ የሚቀነስ ነው።

ሻጩ በዚህ ስላልረካሁ «11,300 ፓውንድ የሚጎትት መኪና ሁለት ሺሕ መጫን ያቅተዋል ብለህ ነው?» አለኝ። መጎተትና መጫን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ተጎታቹ አብዛኛውን ክብደቱን በራሱ ጎማ ተሸክሞ ይሄዳል፣ በመኪናው ጀርባ ላይ የሚያርፈው የመንጠቆው ጫና፣ ብዙውን ጊዜ ከተጎታቹ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው። ዱቄቱ ግን ሙሉ በሙሉ በባሌስትራው ላይ ነው የሚቀመጠው።

ወደ ፍተሻው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጎማውን ነው። ጎማዎቹ አዲስ፣ የጭነት መኪና ጎማዎች፣ ከባድ ጭነት ለሚችል ጎማ በሚሰጠው በ«ኢ» ደረጃ የተመደቡ ናቸው። ከኋላ ባሌስትራው ላይ ደግሞ በአየር የሚነፉ ረዳት ከረጢቶች ተገጥመዋል። ሁለቱም የቀድሞው ባለቤት የጨመራቸው ናቸው። ጥሩ ዕቃዎች ቢሆኑም የአየር ከረጢቱ የሚሠራው ሥራ የኋላው እንዳይጎብጥ ቀና አድርጎ መያዝ ነው፤ ፍሬኑን፣ አክስሉንና ሻንሲውን አያጠነክርም፣ ፋብሪካው የወሰነውንም ጠቅላላ ክብደት አንዲት ፓውንድ አይጨምርበትም። እንዲያውም ጭነቱ ሲበዛ መኪናው እንዳይጎብጥ ማድረጉ ሾፌሩ ከልክ ማለፉን በዓይኑ እንዳያይ ስለሚያደርገው፣ በእኔ ግምት፣ ጥንቃቄ ለጎደለው ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል።

ቀጥሎ ካርቶን አንጥፌ ከሥር ገባሁና የኋላውን ዲፈረንሻል ክዳን ብሎኖች በባትሪ ብርሃን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። ሻጩ «ይኸው፣ ትልቁ አክስል!» አለ። እውነት ነው፤ ክዳኑ አሥር ብሎን ያለው የፎርድ አክስል 8.8 ኢንች የሚባለው ሲሆን አሥራ ሁለት ብሎን ያለው 9.75 ነው። ችግሩ በዚያ ዘመን 9.75 ከኢኮቡስት ሞተር ጋርም አብሮ ይመጣ ስለነበር፣ በዚህ መኪና ላይ መገኘቱ ስለ ፓኬጁ የሚመሰክረው ነገር የለም።

ክርክሩን የጨረሰው የሾፌሩ በር ነው። በሩ ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ ሁለት ስቲከሮች አሉ። አንደኛው መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ እንዲኖረው የተፈቀደለትን ጠቅላላ ክብደትና የእያንዳንዱን አክስል ልክ የሚያሳየው ነው፤ እዚያ ላይ 7,350 ፓውንድ ይላል። ሁለተኛው ቢጫና ነጭ ቀለም ያለው የጎማና የጭነት ስቲከር ነው፤ የተሳፋሪዎችና የጭነቱ ክብደት አንድ ላይ ተደምሮ ከ1,590 ፓውንድ ፈጽሞ ማለፍ እንደሌለበት ያዝዛል። ሻጩ ይህ አኃዝ ሰዎቹ ከገቡ በኋላ የሚቀረው ነው ሊለን ሞከረ፤ ጽሑፉ ግን ሾፌሩን ጨምሮ በመኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ከጭነቱ ጋር ደምሮ እንደሚቆጥር ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። 1,590 ላይ የእኛ 367 ሲቀነስ 1,223 ይቀራል፤ አርባ ስምንት ከረጢት መሆኑ ነው። አመስግነን ወጣን። ጋሼ መንገድ ላይ «በሩን መጀመሪያ ብትከፍተው ኖሮ ካርቶን ላይ ባልተኛህ ነበር» አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ሁለተኛው መኪና ከግለሰብ ነው። ሻጩ ጡረታ የወጣ የግንባታ ተቋራጭ ነው፤ መኪናው እንደ መጀመሪያው የ2013 ሲሆን ሱፐርካብ የሚባለው፣ ማለትም ከፊት ወንበሩ ጀርባ ጠበብ ያለ ተጨማሪ ቦታ ያለው፣ ስምንት ጫማ ካሶኒ ያለው፣ 5.0 ሊትር ቪ8 ሞተር የተገጠመለት፣ በኋላ እግሩ ብቻ የሚሄድ ነው። መልኩ አያምርም፤ ወንበሩ ጨርቅ፣ ወለሉ ላስቲክ ነው። ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለን ዓይኔ ቸርኬው ላይ አረፈ፤ 17 ኢንች የብረት ቸርኬ፣ በእያንዳንዱም ላይ ሰባት ዳዶ።

ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩት። ተራው ኤፍ-150 ስድስት፣ ኤፍ-250 ደግሞ ስምንት ዳዶ አለው፤ ሰባት የሚገኘው በዚያ ዘመን ከባዱን ፓኬጅ በያዘው ኤፍ-150 ላይ ነው። ቸርኬ እንደ ጫማ ይቀያየራል፣ ብሎኖቹን የያዘው ሞዞ ግን በቀላሉ አይቀየርም፤ ስለዚህ ሰባት ዳዶ ከማስታወቂያ ጽሑፍ የተሻለ ምስክር ነው። ይህን ማስታወሻ አይቶ መኪና ሊፈልግ ለሚወጣ ሰው ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከ2015 ጀምሮ የመኪናው አካል አሉሚኒየም ሲሆን ፎርድ ከባዱንም ፓኬጅ ወደ ስድስት ዳዶ ስለመለሰው ይህ ምልክት ከዚያ ወዲህ ላሉት አይሠራም።

ጎማው ኤልቲ 245/75አር17 ደረጃ «ኢ» ነው። ከጎኑ 121/118 የሚል ቁጥር አለ፤ 121 ማለት በ80 ፒኤስአይ የንፋስ ግፊት ሲነፋ አንዱ ጎማ እስከ 3,195 ፓውንድ ይሸከማል ማለት ነው። የዲፈረንሻሉ ክዳን አሥራ ሁለት ብሎን አለው፤ በዚህኛው መኪና ላይ ሞተሩ ኢኮቡስት ሳይሆን ቪ8 ስለሆነ ያው ቁጥር አሁን ከበድ ያለ ትርጉም ያዘ። እዚህ አገር ክረምት ላይ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሻንሲን ስለሚበላ ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻ እያንኳኳሁ ሄድኩ፤ ከባሌስትራው ማንጠልጠያ አጠገብ ላይ ላዩን የዛገ ቦታ ቢኖርም ድምፁ በሁሉም ቦታ ጥርት ያለ ነበር። የበሰበሰ ሻንሲ ከሆነ የቱም ፓኬጅ ዋጋ የለውም።

ከዚያ በሩን ከፈትኩ። ምሰሶው በንጹሕ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ አንድም ስቲከር የለም። ሻጩ መኪናው ከዓመታት በፊት በጎኑ ተገጭቶ እንደነበርና አንድ ጋራዥ ቀለም ሲቀባ ስቲከሮቹን ልጦ እንደጣላቸው ምንም ሳይደብቅ ነገረን። ጋራዡ ማድረግ ያልነበረበትን ነው ያደረገው፤ የመኪናውን የመጫን ልክ የሚናገረው ብቸኛ ጽሑፍ ለቀለም ማሳመሪያ ሲባል ተወገደ። በአገር ቤት ቢሆን ሊብሬውን ገልጠን የመጫን አቅሙን በኩንታል እናነብ ነበር፤ እዚህ ግን በሩ ዝም ካለ ሌላ ምስክር መፈለግ ያስፈልጋል።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ዛሬ የዋለው ሥራ በሙሉ የወረቀት ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር የተነበበውን አሥራ ሰባት ሆሄያት ያለውን የሻንሲ ቁጥር አንድ በአንድ ፈታሁት። ስምንተኛው ቦታ ላይ ያለው «ኤፍ» የ5.0 ሊትሩን ሞተር፣ አሥረኛው ቦታ ላይ ያለው «ዲ» የ2013ን ሞዴል፣ አሥራ አንደኛው ቦታ ላይ ያለው «ኬ» የካንሳስ ሲቲን ፋብሪካ ያመለክታሉ። ለእኛ የሚጠቅመን አራተኛው ቦታ ነው፤ ፎርድ በዚያ ቦታ የፍሬኑን ዓይነትና የጠቅላላ ክብደቱን ምድብ ያስቀምጣል። የእኛ መኪና ፊደል ከ8,001 እስከ 9,000 ፓውንድ ባለው ምድብ ረድፍ ላይ ተገኘ። የመጀመሪያው መኪና 7,350 ስለነበር እዚህ ምድብ ሊገባ አይችልም ነበር።

ይሁንና ምድቡ ድንበር እንጂ ቁጥር አይደለም። ቁጥሩን ያገኘነው መኪናው አዲስ ሳለ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር ቅጂ በሻንሲ ቁጥሩ አስፈልገን ነው። የአማራጮቹ ዝርዝር ውስጥ ሄቪ ዱቲ ፔይሎድ ፓኬጅ የሚለው ሰፍሮ፣ ከሥሩ 8200 ተብሎ ከአጠገቡ የፓውንድ ምልክት (#) ተደርጎ የጠቅላላ ክብደት ፓኬጁ ተጽፏል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡት፤ ከዚያም «አሁን ገና ሄቪ ዱቲ አየሁ» አሉ።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

8,200 ጣሪያው ነው። ስንት እንደምንጭን ለማወቅ ከጣሪያው ላይ የመኪናውን የራሱን ክብደት መቀነስ አለብን፤ ይህ መኪና ደግሞ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የብረት መሣሪያ ሳጥንና የካሶኒ ምንጣፍ ተጨምሮበታል። በአሜሪካ ደንብ መሠረት መኪናው ለመጀመሪያው ገዢ ከመሸጡ በፊት የሚጨመርበት ዕቃ ከ100 ፓውንድ ወይም ከጠቅላላ ክብደቱ 1.5 በመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ ካለፈ የጭነት ስቲከሩ መታረም ይኖርበታል፤ ባለቤቱ በኋላ የሚጨምረውን ግን ማንም አያርምለትም፣ ራሱ መመዘን አለበት።

ሻጩ ፈቃደኛ ሆኖ ከእኛ ጋር መጣ። እኔ መኪናውን ይዤ፣ እርሱና ጋሼ በሌላ መኪና ተከትለውኝ፣ ጄሳፕ ሜሪላንድ ወዳለው የከባድ መኪና ማረፊያ ሄድን፤ እዚያ ካት ስኬል የሚባለው ሚዛን አለ። ቤንዚኑን እስከ አፉ ሞላሁ፤ የመኪና ባዶ ክብደት የሚባለው ነዳጁ ሙሉ ሆኖ ስለሚቆጠር ነው። ሚዛኑ ለረጅም ተሳቢ የተሠራ ስለሆነ በርከት ያሉ ሳህኖች አሉት፤ የፊት ጎማዎቹ በመጀመሪያው፣ የኋላዎቹ በሁለተኛው ሳህን ላይ እንዲያርፉ ካደረግሁ በኋላ በድምፅ ማጉያው ጠራሁ። ወረቀቱ ላይ የታተመው ፊት 3,280፣ ኋላ 2,500፣ ድምር 5,780 ፓውንድ ነው። ሚዛኑ በ20 ፓውንድ ርቀት ስለሚያጠጋጋ ከዚያ ለበለጠ ጥራት መጨነቅ አያስፈልግም። 8,200 ላይ 5,780 ሲቀነስ 2,420 ይቀራል፤ እኔ ውስጡ ስለነበርኩ ቀሪው ለጋሼና ለዱቄቱ ነው። የጋሼ 195 እና የዱቄቱ 2,000 ተደምሮ 2,195 ይሆናል፤ ገባ።

ዋጋውን እዚያው ማረፊያው ግቢ ውስጥ ቆመን ተነጋገርን። የስቲከሮቹን ጉዳይ አንሥቼ ጥቂት አስቀነስኩ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

በሻንሲ ቁጥሩ ያዘዝናቸው ተተኪ ስቲከሮች ደረሱ። የጭነት ስቲከሩ 2,710 ፓውንድ ይላል። ከ8,200 ላይ ሲቀነስ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ 5,490 ፓውንድ ይመዝን ነበር ማለት ነው። በሚዛኑ ላይ ያገኘነው 5,780 ላይ የእኔ 172 ሲነሣ 5,608 ይመጣል፤ የ118 ፓውንዱ ልዩነት ሳጥኑና ምንጣፉ መሆናቸው ግልጽ ነው። ሦስት ምስክሮች፣ ማለትም ሻንሲ ቁጥሩ፣ ስቲከሩና ሚዛኑ፣ እንዲህ ሲስማሙ ማየት ደስ ይላል። ምሰሶውን በአልኮል ጠርጌ ለጠፍኳቸው፤ ጋሼ ትንሽ ጠመም ብሏል አሉ፤ ብሏልም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

የመጀመሪያው ሙሉ ጭነት። የሆሳዕና ዋዜማ ስለሆነ ደንበኞቹ ከማለዳው ጀምሮ ይደውሉ ነበር፤ እኔ ግን ሳንመዝን አናደርስም ብዬ ጋሼን አሳመንኩ። ለማውረድ ይቀለናል በሚል 80ውን ከረጢት ከኋላ መዝጊያው በኩል፣ ካሶኒው ወገብ ድረስ ብቻ ደርድረን ጄሳፕ ገባን። ወረቀቱ ፊት 3,140፣ ኋላ 4,840፣ ድምር 7,980 አለ። ድምሩ ያሰብነውን ሆኖ መጣ፤ ከጣሪያው 220 ፓውንድ ዝቅ ይላል። የኋላው ግን አዲሱ ስቲከር ለኋላ አክስል ከፈቀደው አልፏል፣ የፊቱም ከባዶው በ140 ቀሏል። ጭነቱ ከኋላ አክስሉ ወዲያ ስላለፈ እንደ ሚዛን ምሰሶ የፊቱን እያነሣው ነበር፤ መሪው ቀለል ብሎኝ የነበረው ለካ በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ድምሩ ብቻ ሳስብ ኖሬ የከረጢቶቹን ቦታ ዘንግቼው ነበር።

ከሚዛኑ ወርደን ጥግ ይዘን 80ውንም ከረጢት አንድ በአንድ ወደ ፊት አዛወርናቸው፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ ጀርባ ተጠግተው እንዲጀምሩና በኋላ መዝጊያው በኩል ባዶ ቦታ እንዲቀር አደረግን። ጋሼ ከታች እያቀበሉኝ፣ እኔ እየደረደርኩ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀብን፤ ጃኬቴ እንደ ወፍጮ ቤት ልብስ ነጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ስንመዝን ፊት 3,480፣ ኋላ 4,500፣ ድምር ያው 7,980 ሆነ። አንድ ከረጢት ሳይቀነስ የኋላው 340 ፓውንድ ቀሎ ከተፈቀደለት በታች ገባ። የኋላ ጎማዎቹን ንፋስ አሁን ባለው ስቲከር ላይ ከሰፈረው ጋር አመሳክሬ ሞላሁና ተነሣን።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

በካሶኒው በሁለቱም ግድግዳ ላይ ቅዳሜ የመጨረሻው ረድፍ ባለቀበት ቦታ ቀይ መስመር ቀባሁ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ከረጢት አይቀመጥም። ዝናብ ሲመጣ የምንጥለው ሸራና ገመዱ ክብደት ስለሚጨምሩ፣ አንዳንድ ቀንም የጋሼ የእህት ልጅ አብሮን ስለሚሄድ፣ የጉዞውን ልክ ከ80 ወደ 76 ከረጢት አወረድነው፤ ልጁ ሲኖር ደግሞ 70። ጋሼ ሁለቱን ቁጥሮች በትልቁ ጽፈው መጋዘኑ በር ላይ ለጠፉ።